መብላት እምቢ ያለችው ጥንቸሌ

"ሣር ብቻ ይስጧት፤ ሌላ ነገር አያስለምዷት" ብላኝ ነበር። ተከራዬ ናት፣ የግብርና ባለሙያ። ጓሮዬ ካለችው አንዲት ክፍል ሁለት ዓመት ተቀምጣ ዝውውር ሲደርሳት ዕቃዋን አስጫነችና ጥንቸሏን በካርቶን አድርጋ ደጃፌ ላይ አኖረችልኝ። "ቤት እስክይዝ ትንሽ ቀን ያቆዩልኝ" አለች። ትንሽ ቀን! ይኸው ሦስት ክረምት አለፈ። ስልኳም ከዚያ ወዲህ አይነሳም።

እውነት ለመናገር ሣር ብቻ ማለቷን እንደ ስድብ ነው የቆጠርኩት። እኔ መርሳ ላይ መንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሀብታም አይደለሁም፤ ግን ከቤቴ ሳይበላ የወጣ ሰው የለም። ዚፕ ሊያስቀይር የመጣ ደንበኛ እንኳ ምሳ ሰዓት ከደረሰ እጁን ይታጠባል። በእኛ ዘንድ እንግዳ "ጠግቤያለሁ" ሲል ማመን ነውር ነው። "በሞቴ" ይባላል። "አፈር ስሆን" ይባላል። አሁንም እምቢ ካለ ተጠቅልሎ አፉ ድረስ ይደርሳል፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። እንዲህ ሆኜ ያደግኩ ሴት ቤቴ ለገባች ፍጡር ሣር በትኜላት ዞር ልበል? ኧረ ወዲያ! ልጅቷ ምስኪን ደሞዝተኛ ናት፣ ሣር የምታበላት ሌላ ስለሌላት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ስለዚህ አበላኋት። ጠዋት ዳቦ በሻይ ነክሬ፤ ረፋድ ላይ ሙዝ፤ እሸት ሲደርስ የበቆሎ እሸት፤ በለስ ሲመጣ እሾሁን አራግፌ፣ ልጬ። ሣሩንም አልከለከልኳትም፤ ከአጥር ሥር የበቀለውን አንድ እፍኝ እወረውርላታለሁ። ግን ዳቦ እያለ ማን ሣር ያያል? ጎረቤቶቼም አላነሱም። አጥር የሚጋሩኝ አሮጊት አሉ፣ እማማ ነው የምላቸው፤ ረመዳን ላይ ለአፍጥር ከገዙት ተምር ፍሬውን እያወጡ ያጎርሷት ነበር። ቀሚስ ሊለኩ የሚመጡት ሴቶች እንኳ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ጥንቸሏ ወፈረች፣ አገጯ ተደራረበ። "ቤቱ ተስማማት" ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ እኔ የወለድኳት ያህል እኮራለሁ።

ባሌን ከቀበርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ልጅ አልሰጠኝም። ያኔ ሱቄን ዘግቼ ስገባ ቤቱ ጭር ብሎ ነበር የሚቀበለኝ። እሷ ከመጣች ወዲህ ግን ኮቴዬን ገና ከአጥሩ በር ትለየውና እየዘለለች ትመጣለች፤ ጫማዬ ላይ ወጥታ፣ በኋላ እግሯ ቆማ ቀሚሴን ትይዛለች። ስመጣ የሚነሳልኝ ነፍስ አገኘሁ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን ግን እናገራለሁ፣ ምን ይመጣብኛል? እወዳታለሁ።

ባለፈው ፍልሰታ፣ ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ አልመጣችም። ዳቦው እንዳለ ነው። ሙዙ ጠቁሯል። እሷ ከሣጥኑ ጎን ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ዓይኗን ከድና ተቀምጣለች፤ ጠጋ ስል ጥርሷን ስታፋጭ ሰማሁ። ጠዋት ጠዋት የምጠርገው፣ እንደ አተር ድብልብል ያለው ፋንድያዋ አንድም ፍሬ የለም። አነሳኋት። ሆዷ ተነፍቷል፣ እንደ ከበሮም ጠንክሯል። እጄ ላይ ዝም አለች። ሌላ ጊዜ ብትሆን ተወራጭታ ትወርድ ነበር።

እንግዲህ እኔ የማውቀውን አደረግሁ። ሌላ ሙዝ ልጬ ስኳር ነስንሼ ከንፈሯ ላይ አሸሁት። "በሞቴ" አልኳት። ፊቷን አዞረች። በለስ ጨምቄ በጣቴ አቀመስኳት፤ ጣቴን በጥርሷ ገፋችው። "አፈር ስሆን፣ አንዴ ብቻ፣ እኔን ይብላኝ!" ወይ ፍንክች። በሕይወቴ ያጎረስኩትን እምቢ ብሎ ያሸነፈኝ ፍጡር የለም፤ ይህችን የምታህል ጥንቸል አሸነፈችኝ። ተናደድኩ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሱቄ ተዘግቶ ሲያይ ሠፈሩ ሁሉ መጣ። መርሳ ላይ ሱቅ በሥራ ቀን ከተዘጋ ወይ ለቅሶ ነው ወይ ሕመም፤ ሰው አይቀርም። የመጣው ሁሉ ደግሞ ለጠያቂ እንደሚገባ አንድ አንድ ነገር ይዟል። አንዷ አቮካዶ፣ አንዷ የተቀቀለ ድንች፣ አንዷ ብስኩት። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ወደ ጥንቸሏ ጎንበስ ይሉና "እስቲ ይቺን ቅመሺ" ይሏታል። እምቢ ስትል ሳቁ ይጀምራል። "ፍልሰታን ይዛ ነው፣ ቅዳሴ ሲወጣ ትበላለች" አለ አንዱ። ሌላው "ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" ብሎ ወደ ስፌት መኪናዬ አየ። ሁሉንም ችዬ ነበር።

አንዷ ግን፣ ከእኔ ጋር አብራ የምታስቀድስ ሴት ናት፣ ከንፈሯን መጠጠችና፣ "ሥጋዋ ለእኛ አይሆን፣ ወተት የላት፣ ሌባ ሲመጣ አትጮህ። ምን ልትሠራልሽ ነው እንዲህ የምትሆኚላት? ልጅ ቢኖርሽ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር" አለችኝ።

ያውም በቤቴ፣ በወንበሬ ላይ ቁጭ ብላ! "አንቺስ ምን ትሠሪልኛለሽ?" አልኳት። "ወተትሽን አልጠጣሁ፣ ሌባ ሲመጣም አልጮህሽልኝ። ቢሆንም ስትታመሚ ሁለቴ መጥቼ ጠይቄሻለሁ።" ተነስታ ወጣች። የቀሩትም ቀስ ብለው ወጡ። ያመጡትን ግን ማንም ይዞ አልተመለሰም፤ ወለሉ ላይ የሰርግ ቤት የሚያህል ምግብ ነበር፣ ጥንቸሏ መሐል ላይ ኩርምት እንዳለች ናት።

በማግስቱ ማልጄ ዘንቢል ውስጥ አስቀምጫት፣ በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ፣ ወደ ወልድያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዘንቢሉ ሲንቀሳቀስ አየና "ዶሮ ነው?" አለኝ። "አይደለም።" "ታዲያ ምንድን ነው?" "ሕመምተኛ ናት" አልኩት። ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየና ጮኾ ሳቀ፤ ለመኪናው ሁሉ ነገረ። ሰው ሲስቅ ደግሞ ይበልጥ አማረው መሰል፣ "ሰው በሚራብበት አገር ጥንቸል ይዛ ሐኪም ቤት ትሄዳለች!" አለ።

ዘወር አልኩበት። "ረሃብን አንተ በወሬ ነው የምታውቀው" አልኩት። "በዚያ ክፉ ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ፣ ወፍጮው ቆሞ፣ ሽምብራ ቆልተን በእፍኝ ስንካፈል እኔ እዚሁ መርሳ ነበርኩ። የራበው አንጀት ሲዘጋ ምን እንደሚመስል በዓይኔ አይቻለሁ። የማይበላ ፍጡር እያየሁ ቁጭ የማልለው ስለማላውቅ አይደለም፣ ስለማውቅ ነው። አሁን አፍህን ዝጋልኝ!" ከኋላ አንዲት ሴትዮ ቀስ ብላ "እግዜር ይማራት" አለች፤ እኔም "አሜን" አልኩ።

የእንስሳት ሐኪሙ ቦቲ ያጠለቀ ወጣት ነው። ከፊቴ አንድ አህያና ሁለት ፍየሎች ነበሩ። ተራዬ ሲደርስ እሱም መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ሆዷን ሲዳብስ ግን ፈገግታው ጠፋ። አፏን ከፍቶ በባትሪ አየ፣ ጆሮውን ጎኗ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። "ምንድን ነው የምትበላው?" አለኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ቆጠርኩለት፤ ዳቦ በሻይ፣ ሙዝ፣ እሸት፣ በለስ፣ ተምር፣ የጾም ብስኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ሣርስ?"

"ሣርማ ምን አጥታ! አጥሩ ሥር ሞልቷል።"

"እትዬ፣" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ይህችን የጣላት ግብዣ ነው።"

የጥንቸል አንጀት የሚሠራው ሻካራ ነገር ሲገፋው ነው አለ። ደረቅ ሣር ካልገባበት ይቆማል፤ ዳቦውና ጣፋጩ ውስጡ ይቦካና ይነፋታል፣ ያማታል፤ ስላመማት አትበላም፤ ስላልበላች ይበልጥ ይዘጋል። ጥርሷም እንደ ሰው ጥፍር በየቀኑ ያድጋል፤ የሚሞርደው ሣር ማኘክ ነው። "ሦስት ዓመት ስትበላው ያልገደላት አሁን ገደላት?" ብዬ ተከራከርኩት። "ሦስት ዓመት መቆየቷ የእሷ ጉልበት ነው" አለኝ። ያቺ ተከራዬ በሬ ላይ ቆማ የነገረችኝ ነገር ይሄው ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ፊቴ ጋለ። ሰው ሁሉ የሚያመሰግነኝ እጄ ነው፤ በዚያው እጄ ልገድላት ነበር።

ለሕመሟ መርፌ ወጋት። ከዚያ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ሰጠኝና አሳየኝ። ደረቅ ሣር፣ ያልሻገተ፣ በሙቀጫ ይወቀጥ፤ በወንፊት ይነፋ፤ ለብ ባለ ውኃ ይቀጥን። በፎጣ ጠቅልሎ መያዝ፤ ስሪንጁን ከፊት ጥርሷ ኋላ በአፏ ጎን ማስገባት፤ ጠብታ ጠብታ፣ እስክትውጥ እየጠበቁ፣ ወደ ጉሮሮዋ ሳይገፉ። በየሦስት ሰዓቱ። ሆዷን ማሸት። ዳቦ የለም፣ ፍራፍሬ የለም። "ነገና ከነገ ወዲያ ሆዷ ካልሄደላት አትተርፍም" አለኝ። ልወጣ ስል ጠራኝና፣ "አንድ ነገር ይወቁ፤ እንዲህ በግድ ሲያበሏት ትጠላዎት ይሆናል፤ እጅዎን መፍራት ትጀምራለች" አለ።

ሳቅኩበት። "እኔን? የእኔን ኮቴ ከሺህ ሰው ኮቴ ትለያለች" አልኩት።

መርሳ ስወርድ እማማ አጥሩ ጋ ቆመው ይጠብቁኛል። በመዳፋቸው ሁለት ፍሬ ተምር ይዘዋል። "ያ ረቢ፣ በነፍሷ አለች? ትንሽ ላቅምሳት" አሉ እጃቸውን ዘርግተው። ያን ተምር ሳይ ደሜ ፈላ። "አንቱ ነዎት የገደሉብኝ!" ብዬ ጮኽኩባቸው፣ መንገደኛው እየሰማ። "በዚህ ተምር ነው የገደሏት! ሁለተኛ ወደ አጥሬ እንዳይጠጉ!"

እማማ ተምሩን መሬት ላይ ጣሉት። አልተቆጡም። "ተምሩስ የእኔ ነው" አሉ። "ዳቦውን ማን ሰጣት፣ ልጄ?"

እሳቸው በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። በመንገድ ላይ ጮኼባቸዋለሁ፣ አጥሬን ከልክያቸዋለሁ፤ በዚህ አገር ከዚህ የከፋ ምን አለ? መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጉልበታቸውን ልይዝ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ። "ነገሩ ኋላ ይደርሳል። ሐኪሙ ምን አለሽ?" አሉ። ደረቅ ሣር አልኳቸው። ሁለታችንም ወደ ሰማይ አየን። ነሐሴ ነው! አገሩ ሁሉ ሣር ነው፣ ሁሉም ግን ውኃ የጠጣ ነው። አምና የታጨደ ደረቅ ሣር በዚህ ጊዜ ያለው ከብት የሚያደልብ ሰው ብቻ ነው።

"ውርጌሳ ላይ ወንድሜ አለ፣ ለበሬዎቹ በቆርቆሮ ሥር የከመረ" አሉና ስልካቸውን አወጡ። "እኔ ሕመምተኛዋን እጠብቃለሁ፤ አንቺ ሂጂ። አብሽሪ።"

ውርጌሳ ስደርስ የእማማ ወንድም መንገድ ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። ረጅም፣ ጺማቸው ሂና የነካው ሽማግሌ ናቸው። እህታቸው የነገሯቸው "ሣር ትፈልጋለች" ብለው ብቻ ኖሯል። "ላምሽ ምን ሆነች?" አሉኝ ወደ ክምሩ እየመሩኝ።

"ላም አይደለችም አባባ፣ ጥንቸል ናት።"

ቆሙ። "ሽምብራዬን የምትጨርሰው?"

"የእኔዋ የቤት ናት። ሽምብራዎን አልነካችም።"

"ወላሂ ጉድ ነው" አሉ። "እኔ እሷን ለማባረር ሁለት ውሻ አሳደግሁ፤ አንቺ ደግሞ በዚህ ዝናብ ከመርሳ ድረስ ሣር ልትለምኝላት መጣሽ!" ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ከቆምኩበትም አልተነቃነቅኩም። ፊቴን አዩና ሳቃቸውን ዋጡ። ከዚያ ክምሩ ውስጥ እስከ ትከሻቸው ገብተው መሐሉን መዘዙ፤ አሸት አሸት አድርገው አሸተቱት፤ አልወደዱትም፤ ጣሉት፤ ከሌላ በኩል መዘዙ። "ይሄ በጥቅምት ታጭዶ ዝናብ ሳይነካው የገባ ነው። ለእኔም በሬ እየቆጠብኩ ነው የምሰጠው" አሉና ጆንያውን ጠቅጥቀው ሞሉት። እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜ ይስጠው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሙቀጫዬን አወጣሁ። ሠፈሩ የሙቀጫ ድምፅ ሲሰማ በርበሬ የምወቅጥ መሰለው፤ አንዷ "በፍልሰታ ምን ልትሠሪ ነው?" ብላ ብቅ አለች። ሣር ስወቅጥ ስታየኝ በእጇ አፏን ያዘች። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለች። "አዎ፣ ሞኝ ነኝ፣ አልለቅም" አልኳትና መውቀጤን ቀጠልኩ።

እማማ በፎጣ ጠቅልለው እቅፋቸው ውስጥ ያዟት፤ እኔ ስሪንጁን። ጥንቸል ድምፅ እንዳላት እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። አላት። የመጀመሪያው ጠብታ አፏ ሲገባ ጮኸች፤ የሕፃን ጩኸት ነው። ፎጣውን ቀዳ ወጣች፣ ክንዴን ከክርን እስከ መዳፍ ቧጠጠችው። መልሰን ጠቀለልናት። "በሞቴ" የሚለው ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ይሄ ልመና አይደለም። "ዋጪ!" አልኳት። ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹን ዋጠች። ከሦስት ሰዓት በኋላ እንደገና። ከዚያም እንደገና። በሁለተኛው ቀን ስሪንጁን ገና ከሳህኑ ሳነሳው መንቀጥቀጥ ጀመረች። እማማ አላስቻላቸውም፤ "ልጄ፣ እንግዲህ አታሰቃዪያት፣ በሰላም ትሂድ" አሉኝ እያለቀሱ።

"አትሄድም!" አልኩ። "ለጥጋብ ሲሆን ሁላችንም እጃችንን ዘርግተናል፤ አሁን እጃችንን አንሰበስብም። ይያዙልኝ!" ያዙልኝ።

በበሬም ላይ ሌላ ጦርነት ነበር። ጠያቂው አላቆመም። ካሮት የያዘ አለ፣ ሙዝ የያዘ አለ፣ አንዷማ ገንፎ ሠርታ መጣች። በሩ ላይ ቆሜ "ስለ መጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጉርሻው ግን አይገባም" አልኩ። የሰው እጅ መመለስ እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። "ምን አድርጌሽ ነው?" "መርዘኛ አደረግሽኝ?" የማልሰማው የለም። ባለ ገንፎዋ ገንፎዋን ይዛ ተመለሰች፤ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታየኝ ወደ ማዶ ትሻገራለች። ትሻገር። ይቅርታ እንድጠይቃት ሽማግሌ ልካለች፤ ለሽማግሌዎቹ ሻይ አፍልቼ ሸኘኋቸው እንጂ ይቅርታ አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሆዷን እያሸሁ ሳለ ፎጣው ላይ አንድ ነገር ወደቀ። ትንሽ፣ ጥቁር፣ ደረቅ። ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ ሦስት አራት ተከታትሎ። በእጄ ሰብስቤ እየሮጥኩ አጥሩ ጋ ሄድኩና "እማማ! እማማ! ሄደላት!" ብዬ መዳፌን ከፈትኩላቸው። "አልሃምዱሊላህ!" አሉና የያዝኩትን ነገር ሳይጸየፉ እጄን ከነፋንድያው ይዘው ሳሙት። ሁለት ሴቶች በጥንቸል ፋንድያ ተቃቅፈን አለቀስን። መንገደኛ ቆሞ ያየናል። ይይ! እልል ማለት ብቻ ነው የቀረን።

በማግስቱ ያስቀመጥኩላት ሣር ጎድሎ አገኘሁት። ራሷ በላች። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሱቄን ከፈትኩ፣ የተጠራቀመ ልብስ ሰፋሁ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ እየሮጥኩ ወደ ቤት ገባሁ። የአጥሩን በር ስከፍት ውስጥ ዱብ ዱብ ሲል ሰማሁ፤ መጣችልኝ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ስገባ የለችም። ሣጥኑ ኋላ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አገኘኋት፤ ትንቀጠቀጣለች። እጄን ስዘረጋ ዓይኖቿ ፈጠጡ። ኮቴዬን ለይታዋለች፤ አልተሳሳተችም።

በኋላ ትለምደኛለች ብዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሰዓት ሙሉ። አልወጣችም። እማማ ሲመጡ ወጣች። ያው እሳቸውም ይዘዋት ነበር፤ ስሪንጁ ግን የእኔ እጅ ላይ ነበር። ጫማቸውን አሸተተች፣ ቀሚሳቸውን ያዘች። እማማ አፈሩ። ሊገፏት ሞከሩ። ቀናሁ፤ ምን ልዋሽ? አንጀቴ ቆሰለ። አምስት ዓመት ጭር ባለ ቤት ገብቼ፣ ከዚያ አንድ የሚነሳልኝ ነፍስ አግኝቼ፣ እሷኑ በእጄ አስፈራኋት።

ይኸው ወራት አለፉ። ዳቦ አትቀምስም፣ ሙዝ አታይም፤ የውርጌሳው ሽማግሌ በየገበያው ቀን ጆንያ ይልኩልኛል። ከስታለች፣ ጠጉሯ ያበራል፣ ትዘላለች። እኔ ስገባ ትደበቃለች። ስለዚህ ሣሯን አስቀምጥና እወጣለሁ፤ በሩን እዘጋና ውጭ ድንጋዩ ላይ እቀመጣለሁ። ትንሽ ቆይታ ትወጣለች። ከበሩ ወዲያ ሆና ስታኝክ ይሰማኛል፤ ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ ሳታቋርጥ።

ባለፈው እማማ እንዲህ ተቀምጬ አገኙኝና አዘኑልኝ። "አብሽሪ፣ ትረሳዋለች። አንድ ቀን መጥታ ጫማሽ ላይ ትወጣለች" አሉኝ።

"ባትረሳው ምን አገባኝ፣ እማማ" አልኳቸው። "በልታ ትጥላኝ።"